የሊንክ ፊትና ጀርባ፦ የዚህ ወር ልምምዴ ከደሴ

ከኮምቦልቻ ሥራዬ ወደ ደሴ ከተመለስሁ በኋላ ማታ ማታ የምሞክረው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ብሮውዘር የሚያሳየንን የሊንክ መድረሻ ምን ያህል ማመን ይገባናል?

በላፕቶፔ ላይ አንድ የሙከራ ገጽ ሠራሁ። ሊንኩ የባንክ አድራሻ ተጽፎበታል፤ ማውሱን ሳሳርፍበትም ከታች የሚታየው ያው የባንኩ አድራሻ ነው። ስጫነው ግን በጥቂት የጃቫስክሪፕት (የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ) መስመር መድረሻው ተቀይሮ ሌላ ገጽ ላይ ጣለኝ። ብሮውዘሩ ያሳየኝ ከመጫኔ በፊት የነበረውን ነው። ስለዚህ «ማውሱን አሳርፋችሁ እዩ» የሚለውን ምክር ለጀማሪዎች ብቻውን አልሰጥም። አድራሻው መነበብ ያለበት ከደረሱ በኋላ፣ የይለፍ ቃል ከመጻፍ በፊት ነው።

የኢሜይል አድራሻ ላይ የምናውቀው የ«አት» (@) ምልክትም መደበቂያ ሆኖ ያውቃል። በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ከምልክቱ በፊት ያለው የተጠቃሚ ስም ነው፤ እውነተኛው መድረሻ ከእሱ በኋላ ይመጣል። የድሮው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አንድ ስውር ምልክት ሲገባበት የኋላውን ክፍል ጨርሶ አያሳይም ነበር። ማይክሮሶፍት ያረመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የፊደላቱ ጉዳይ ነው። የእኛ ሀ እና ሐ በድምፅ ቢመሳሰሉም ዓይን ይለያቸዋል። የላቲኑ «ኤ» እና የሩሲያው «አ» ግን በመልክ አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተር የሚለያቸው በቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው 97፣ ሁለተኛው 1072። እ.ኤ.አ. በ2017 ሹዶንግ ዠንግ የተባለ ባለሙያ የአፕልን አድራሻ በሲሪሊክ፣ ማለትም በሩሲያው ዓይነት ፊደላት ብቻ አስመዝግቦ በክሮምና በፋየርፎክስ ላይ ከዋናው የማይለይ መሆኑን አሳየ። የደህንነት ቁልፉ ሥዕል እንኳ ነበረው! ያ ቁልፍ የሚመሰክረው ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን ነው፤ የባለቤቱን ታማኝነት አይነግረንም። ክሮም ችግሩን በ58ኛው እትሙ አረመ፤ እንዲህ ያለውን አድራሻ አሁን በኮድ መልክ ያሳያል። በፋየርፎክስ ኮዱ ሁልጊዜ እንዲታይ የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ እኔ አብርቼዋለሁ።

አሁን የምሞክረው ስልክ ላይ ነው። እዚህ አብዛኛው ሰው ሊንክ የሚደርሰው በቴሌግራም ሲሆን የስልኩ ጠባብ ገጽ ረጅም አድራሻን ይቆርጣል። ስለዚህ የምለማመደው ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) ተነስቶ ወደ ግራ ማንበብን ነው፤ የባለቤቱ ስም ያለው እዚያ ነው፤ የባንክ ስም መጀመሪያ ላይ ቢጻፍ ዋጋ የለውም። ብሮውዘሩ ለረጅም ጊዜ ያልታደሰ ስልክ ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ጓደኞቼ፣ የሙከራ ገጹን አብረን እንክፈትበት።