«የእኛ ተማሪ አይደለችም»

ትምህርት ቤታችን የጉድኝቱ (ተቧድነው አብረው የሚሠሩ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች) ማዕከል ነው። አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው እንዲማሩ የሚያግዘው የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ክፍልም ያለው እኛ ጋ ነው፤ የምሠራው እዚያ ነው። በወረቀት ላይ ክፍሉ በማዕከሉ ሥር ያሉት የሳተላይት ትምህርት ቤቶችም ጭምር ነው። ዕቃው ሲገባ ግን የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ የተቆረጠው በእኛ ትምህርት ቤት ስም ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ከሳተላይቶቹ በአንዱ 5ኛ ክፍል የምትማር ዓይነ ስውር ልጅ አለች። ማስታወሻ የምትይዘው በስሌትና በስታይለስ ነበር፤ ብሬል በእጅ የሚጻፍባቸው ባለ ቀዳዳ ማስያዣና መውጊያ ናቸው። በስሌት የጻፈ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። ከቀኝ ወደ ግራ ነጥብ በነጥብ እየወጉ መሄድ ነው። የጻፉትን ለማንበብ ደግሞ ወረቀቱን አውጥቶ መገልበጥ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ በአማርኛ ብሬል አብዛኛው ፊደል 2 ምልክት ይፈልጋል። መምህሩ ጨርሶ ሰሌዳውን ሲያጠፋ እሷ ገና ግማሹ ላይ ናት።

እኛ ጋ ደግሞ ፐርኪንስ የሚባል የብሬል መጻፊያ ማሽን አለ። 6ቱ የብሬል ነጥቦች 6 ቁልፍ አላቸው፤ አንዱን ምልክት በአንድ ምት ይጽፋል። የጻፈችውንም እዚያው ዳብሳ ማንበብ ትችላለች። ማሽኑ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። በዚያ ዓመት እኛ ጋ የሚጠቀምበት ተማሪ አልነበረንም።

የዕቃ መጠየቂያውን ሞዴል 20 ሞልቼ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን አየና ቀና አለ።

«ከግቢ ሊወጣ ነው?»

«አዎ፣ ለሳተላይቱ ነው። 5ኛ ክፍል ያለችው ልጅ...»

«የእኛ ተማሪ አይደለችም እኮ መምህር።»

ደሜ ፈላ። ይህን የሚለኝ በየስብሰባው ስለ ጉድኝት ጥቅም የሚናገር ሰው ነው።

«ታዲያ ጉድኝቱ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ለሥልጠና፣ ለልምድ ልውውጥ። ንብረት ሌላ ነው። ነገ ቢሰበር ኦዲተር የሚይዘው እኔን ነው። ካስፈለገ ወደ እኛ ትዛወር፤ በደስታ እንቀበላታለን።»

ትዛወር! ልጅቷ የምትማረው ሰፈሯ ነው፤ እህቷ እጇን ይዛ ታመጣታለች፣ ይዛ ትመልሳታለች። እኛ ጋ ልማር ብትል ከቤተሰቧ ተለይታ ዘመድ ቤት መግባት አለባት። ድጋፉ ልጁ ያለበት ድረስ ይሂድ ተብሎ አይደል እንዴ ተዘዋዋሪ መምህር የሚባል ሥራ የመጣው? መምህሩ ተዘዋውሮ ዕቃው የማይዘዋወር ከሆነ እኔ እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ ነው?

ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። የትምህርት ቤት ድጎማው የሚመጣው በተማሪ ቁጥር፣ ለየትምህርት ቤቱ ነው። ጎረቤት ሄዶ ለተሰበረ ዕቃ መጠገኛ የሚሆን ሳንቲም የለውም። ፍርሃቱ ይገባኛል። ያቺ አባባሉ ግን ዛሬም ታንገበግበኛለች።

መላውን ያመጣችው የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ናት። ጉዳዩን ነግሬያት ስለነበር ከሰዓት በኋላ እሷው ቢሮው ገባች። «በመምህሩ ስም የዕቃ ወጪ ደረሰኝ፣ ሞዴል 22፣ ልቁረጥ» አለችው። «እሱ የእኛ ሠራተኛ ነው። ከጠፋም ከተሰበረም ከደመወዙ ይቆረጣል።» ርዕሰ መምህሩ ትንሽ አሰበና ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ማሽን ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ልጅቷ መጀመሪያ የጻፈችው የእህቷን ስም ነው። አሁን ከክፍሉ እኩል ትጽፋለች።

ማሽኑ ግን ዛሬም ያለው በእኔ ስም ነው። ዝውውር ቢደርሰኝ ክሊራንስ ለማግኘት መልሼ ማስረከብ አለብኝ። በጉድኝቱ ስም የሚመዘገብበት መንገድ ይበጅልን ብዬ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አስገብቻለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም። መልሱ እስኪመጣ ድረስ የዝውውር ፎርም አልሞላም።