ካንዴላው ቄጠማ ውስጥ ገባ

በ1/32 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 32 ጊዜ አንሶ፣ በተሠራ የጥንት አውሮፕላን ሞዴል ላይ የሞተሩ ካንዴላ ርዝመቱ 2 ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው። ይህችን የምታህል ዕቃ በወረንጦ ጫፍ የያዘ ሰው ዕጣው ሁለት ነው፤ ወይ ካንዴላዋ ቀዳዳዋ ውስጥ ትገባለች፣ ወይ ተፈናጥራ ትሄዳለች። የኔዋ ተፈናጠረች። ቀኑ ደግሞ የበዓል ዋዜማ፣ ሳሎኑ ከጥግ እስከ ጥግ ትኩስ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት።

«ምን ጠፋብህ?» አለች እናቴ በጉልበቴ ስድህ አይታ።

«ካንዴላ።»

«የመኪና ካንዴላ ቄጠማ ውስጥ እንዴት ይጠፋል?»

«የመኪና አይደለም፣ የአውሮፕላን ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይሻል ነበር። የአውሮፕላን ዕቃ ጠፋ ሲባል ማን ይቀመጣል? ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶች ሲኒያቸውን አስቀምጠው ፍለጋ ገቡ። አንዷ እትዬ ከብዙ ድካም በኋላ ጥቁር ነገር በሁለት ጣታቸው ይዘው «ይኸው!» አሉ፤ እልልታም ተከተለ። ጥቁር አዝሙድ ነበር። መጠኑ ግን እንከን አይወጣለትም፤ ተቀብዬ አመሰገንኩ።

የወደቀ ጥቃቅን ዕቃ የሚገኝበት የታወቀ ዘዴ አለ። መብራት ይጠፋል፣ ባትሪ መሬት ላይ ተጋድሞ ይበራል፣ ትንሿ ዕቃ ረጅም ጥላ ስትጥል ትታያለች። ቄጠማ ላይ ግን እያንዳንዱ ሰበዝ የራሱን ጥላ ስለሚጥል ዘዴው ከንቱ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ከመውደቁ በፊት ያለው ነው። ወረንጦ ዕቃ የሚያፈናጥረው ሁለቱ ጫፎቹ ልክ ለልክ ሳይገጥሙ ሲቀሩና ያዡ አጥብቆ ሲጨብጥ ነው። ጫፉ ሰያፍ የሆነው የቅንድብ ወረንጦ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ወስፈንጥር ነው። የጫፎቹን የውስጥ ገጽ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ፣ ዕቃው እንዳይወድቅ ያህል ብቻ መያዝ ይበቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስቴኪኒ ነው፤ ጫፉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል የጧፍ ሰም ይለጠፍና ካንዴላዋ በሰሙ ትነሳለች። ቀዳዳዋ ውስጥ ገብታ ሙጫው ሲይዛት ሰሙ ራሱ ይለቃታል። ሥራው ሁሉ ከንፈር ባለው ትሪ ላይ፣ ነጭ ፎጣ አንጥፎ ይሁን። 9 የሚያስፈልግ ከሆነ 12 ይሠራ፤ ሦስቱ የቄጠማው ድርሻ ናቸው።

ፍለጋው ሲሰለች ጎረቤታችን መካኒኩ ጋሼ ቀና ብለው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሞተር አዩ። በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ከነሲሊንደሮቹ ዞረ።

«ይሄ ተሰብሯል» አሉ።

«አልተሰበረም ጋሼ፣ አሠራሩ ነው።»

«ሞተሩ ራሱ የሚዞር ከሆነ ታዲያ ምን ይዞታል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይህን ያልመለሰ ሰው የዚህን ሞተር ጥቃቅን ነገር በትክክል ሊሠራ አይችልም። ሞተሩ የፈረንሳዩ ለ ሮን 9ሲ ነው፤ 9 ሲሊንደር፣ 80 የፈረስ ጉልበት፣ የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 105 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 140 ሚሊ ሜትር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ሶፕዊዝ ፐፕ በሚሏት ባለ ድርብ ክንፍ ትንሽ ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ተገጥሟል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1917 እንግሊዛዊው አብራሪ ኤድዊን ደኒንግ በጉዞ ላይ ባለች መርከብ፣ በፊዩሪየስ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው በፐፕ ነው። በዚህ ሞተር ፒስቶኖቹ የተያያዙበት ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ታስሮ ይቆማል፤ ሲሊንደሮቹና ፕሮፔለሩ አንድ ላይ ሆነው ይዞሩበታል፣ በደቂቃ 1,200 ዙር ገደማ። መዞሩ ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ክብደቱም ዙሩን እኩል አድርጎ የሚያስቀጥለውን የቮላኖ ሥራ ይሠራል። ነዳጅና አየሩ ውስጡ ክፍት በሆነው ክራንክሻፍት መሐል ገብቶ፣ ከዚያ በመዳብ ቱቦዎች ወደ ሲሊንደር ራስ ይወጣል።

«ዘይቱስ?»

«የጉሎ ዘይት ነው። ከቤንዚን ጋር በቀላሉ ስለማይዋሐድ ነው የተመረጠው። አንዴ ገብቶ አይመለስም፣ ከጭሱ ጋር ይወጣል።»

«ዘይት ይበላል በለኛ!»

«አይበላም ጋሼ፣ ይረጨዋል። አብራሪው ፊት ላይ ጭምር።»

እትዬ የጉሎ ዘይት ለሆድ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቁ አብራሪዎቹን «ምስኪኖች» ብለው አዘኑላቸው። እውነታቸውን ነው፤ ሲተነፍሱትና ሲውጡት የዋሉ አብራሪዎች ሆድ ይህን አይረሳም።

ወደ ሥራው ስንመለስ፣ ለመገጣጠም ተዘጋጅቶ ከሳጥን የሚወጣ ፕላስቲክ ሞተር ትልቁ ችግሩ ውፍረት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የገጠማችሁትን ሽቦ በ32 አባዙት። 0.3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ማለት በእውነተኛው ሞተር ላይ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ነገር ማለት ነው፣ ማለትም የውኃ ጎማ። ለ ሮን ላይ ደግሞ የካንዴላው ሽቦ ጎማ እንኳ አልለበሰም። ከሞተሩ ጀርባ ካለው ማከፋፈያ ሰሃን ተነስቶ ተወጥሮ ወደ ካንዴላው የሚሄድ ራቁት የናስ ሽቦ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። ጥቁር ወፍራም ሽቦ የሚጎነጉኑለት ሰዎች የጭነት መኪና ሞተር እየሠሩ ነው።

የሚበጀው 0.1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው፣ እሱም ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ውስጥ በነጻ ይገኛል። ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ቀዩንና አረንጓዴውን ትቶ ወርቃማውን መምረጥ ነው። ሽቦው ጠመዝማዛ ሆኖ ስለሚወጣ አንዱን ጫፍ በሞርሳ፣ ሌላውን በፒንሳ ይዞ በዝግታ መሳብ ያስፈልጋል። ለቀቅ ሲል በእጅ ይታወቃል፤ እዚያው ላይ ማቆም። ከዚያ በኋላ ሽቦው እንደ ክራር ጅማት ቀጥ ይላል። ትንሽ ከታለፈ ይበጠሳል፣ ፒንሳ የያዘው ሰውዬም ከወንበሩ ጋር ወደ ኋላ ይሄዳል። በላይተር አሙቆ ማለስለስ የሚባለውን ምክር እርሱት፤ ይህን ያህል የቀጠነ መዳብ እሳት ሲነካው ቀልጦ ጫፉ ላይ ኳስ ይሠራል።

መጀመሪያ የካንዴላው ጫፍ ይጣበቃል፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ ሽቦው ወደ ኋላ ተወጥሮ ሰሃኑ ላይ ይታሰራል። ሁለቱን ጫፍ በአንድ ጊዜ ልግጠም ያለ ሰው ሦስተኛ እጅ ይፈልጋል፤ ሦስተኛ እጅ ሆኖ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫ ነው። ሱፐር ግሉ ከቱቦው በቀጥታ አይደፋም። አንድ ጠብታ የፕላስቲክ ክዳን ላይ ይንጠባጠብና፣ ዓይኗ በሞረድ ተቆርጦ ሹካ በሆነች መርፌ ይነሳል። ሹካዋ የምትይዘው ለአንድ ካንዴላ የሚበቃውን ብቻ ነው።

ሱፐር ግሉ ሌላም ጠባይ አለው። ሲደርቅ የሚወጣው ትነት አየር በማያገኝበት ቦታ ነጭ ጭጋግ ሆኖ ፕላስቲኩ ላይ ይቀመጣል፤ ቅባት ያለበትን ቦታ ደግሞ ይመርጣል። ፖሊሶች አሻራ የሚያወጡበት ዘዴ ይኸው ነው። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ሞተሩን ሳጥን ውስጥ ዘግቼው ባድር ጠዋት አሻራዬ ከነመስመሩ ጥቁሩ ቀለም ላይ ታትሞ ተገኘ፤ የእህቴ ልጅም አሻራ አጠገቡ። ማን እንደነካው መርማሪ አላስፈለገም። ጣት ከጣት ከተጣበቀ ለብ ያለ የሳሙና ውኃ ቀስ በቀስ ያላቅቃል። አሴቶንም ያላቅቃል፣ ነገር ግን ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጠው ከጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ርቆ ይሁን። የመጨረሻዎቹን ማያያዣዎች ደግሞ በነጭ የእንጨት ሙጫ መሥራት ይሻላል፤ ሲደርቅ ይጠራል፣ ካጠፉም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል።

ቀጥሎ የቫልቭ ዘንጎች። በብዙዎቹ ሌሎች ሞተሮች ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ዘንግ ይኖራል፤ ለ ሮን ግን በአንዲት ዘንግ ሁለቱንም ቫልቮች ያሠራል፣ ስትገፋ አንዱን፣ ስትስብ ሌላውን። ስለዚህ 9 ዘንግ ብቻ። የሳጥኑን ወፍራም ዘንጎች በ0.4 ሚሊ ሜትር መተካት ነው፣ ለዚህም ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡበት ትርፍ ፕላስቲክ ይበቃል። ከሻማ ነበልባል 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ እያዞሩ ማሞቅ፣ ሲያብለጨልጭና ሲጎብጥ ከእሳቱ ማራቅ፣ ትንፋሽ ያህል ጠብቆ መሳብ። ፈጥኖ የሳበ ፀጉር ያገኛል፣ ዘግይቶ የሳበ ዱላ። ነበልባሉን ከነካ ግን ጥቁር ጥላሸት እየተፋ ይነዳል፤ እናቴም ሽታውን ለማባረር ዕጣን ታጨሳለች። ዕጣኑ ደግሞ ገና ያልደረቀ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ላይ ያርፋል። የብረት መልክ ያለው ቀለም ከሥሩ ለስላሳ አንጸባራቂ ጥቁር ይፈልጋል፣ አንዲት ብናኝ ብታርፍበት ብረቱ ዝገት ያወጣ ይመስላል። እንግዲህ ቀለም የሚቀባው ቡናው ከተቆላ፣ ዕጣኑ ከጠፋ፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው።

የሲሊንደሩን የማቀዝቀዣ ሽንሽኖች የሚለየው መሐላቸው ያለው ጥላ ነው። በአረብ ብረት ቀለም ከተቀቡ በኋላ ጥቁርና ቡናማ የዘይት ቀለም በአሥር እጥፍ ቲነር ቀጥኖ ይነካባቸዋል፤ ፈሳሹ ራሱ እየሮጠ ስንጥቁን ይሞላል። በሲሊንደሩ ጎን ያለውን የፕላስቲክ ስፌት በምላጭ ጀርባ መላግ እንጂ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም፤ ወረቀቱ ስፌቱን ከነሽንሽኑ ይዞት ይሄዳል። የመዳብ ቱቦዎቹ በ9ሲ ላይ ከፊት ለፊት ሙሉ በሙሉ ይታያሉ፣ ባለ 110 የፈረስ ጉልበቱ 9ጄ ላይ ግን የታችኛው ክፍላቸው ከጀርባ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው በአንድ እይታ ይታወቅበታል። ቱቦዎቹን በእሳት እንደተለበለበ ሰማያዊ ማድረግም ስሕተት ነው፤ የሚያልፍባቸው ነዳጅና አየር እንጂ ጭስ አይደለም፣ ቤንዚን ሲተን ደግሞ ያቀዘቅዛል።

ኮፈኑ የሚገጠምበት ጊዜ የእውነት ቀን ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ በእውነተኛው መጠን 32 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፣ እውነተኛው ኮፈን ግን ስስ ላሜራ ነበር። ከውስጥ በኩል እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ድረስ ካልሳሳ የሲሊንደሮቹ ራስ ይነካዋል፣ ሞተሩ ሲዞር ያ ሁሉ የተለፋበት ጥቃቅን ነገር እንደ ገብስ ይረግፋል። ኮፈኑን በየደረጃው መለካት፣ በተለይ ከዘንጎቹ በኋላ። ፕሮፔለሩም ከሞተሩ ጋር ይጣበቅ፤ ሞተሩ ቆሞ ፕሮፔለሩ ለብቻው የሚዞር ለ ሮን የለም።

የቀረው ዘይቱ ነበር። እናቴ የፀጉሯን የጉሎ ዘይት ብልቃጥ አምጥታ «እውነተኛው እያለ ለምን ትለፋለህ?» አለች። እውነተኛው አይደርቅም፣ ለወራት አቧራ ይሰበስባል። በምትኩ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቡናማ የዘይት ቀለም ከአንጸባራቂ ቫርኒሽ ጋር ተቀላቅላ፣ ከኮፈኑ የታችኛው ከንፈር ተነስታ በሆዱ በኩል ወደ ኋላ እየሳሳች ትጎተታለች። ወደ ክንፉ ላይ መርጨት አያስፈልግም፤ ኮፈኑ የተሠራው ዘይቱን ወደ ታች እንዲመራ ነው።

ጋሼ በማግስቱ ተመልሰው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው አውሮፕላኑን ገልብጠው ሆዱን አዩ፣ በጣታቸውም ፕሮፔለሩን አዞሩ። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሞተሩ ተፈታ!» ብላ ጮኸች።

«ዝም በይ፣ አሠራሩ ነው» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ዘይቱ ግን አነሰ። ይሄማ ገና ከሰርቪስ የወጣ ነው።»