አባት ቢሰረዝ

ዝናቡ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ አላባራም። እንዲህ ሲሆን እንቅልፍም ሥራም አይሆንልኝም፤ ያንኑ በኮምፒውተር የምሠራውን የእድር መዝገብ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዳኛው «የት ደረሰ?» ማለታቸውን አልተዉም።

የአባላቱ ገጽ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ላይ ነበርኩ። መዝገቡን የምሠራበት ጃንጎ የሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ሰውየውን ከያዝክ፣ ኮዱ ውስጥ ነጥብ አድርገህ ወደ አባቱ፣ ሌላ ነጥብ ጨምረህ ወደ አያቱ ትሻገራለህ። ሙሉ ስም እንደ መጥራት ነው። ግን እያንዳንዷ ነጥብ ሄዳ መረጃው የተቀመጠበትን የዳታቤዙን በር ታንኳኳለች። 200 አባል ለመዘርዘር አንድ ጊዜ ለዝርዝሩ፣ 200 ጊዜ ለአባት፣ 200 ጊዜ ለአያት፤ 401 ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ። ለቀስተኛ እንኳ እንዲህ አይመላለስም። መድኃኒቱ ሴሌክት ሪሌትድ የሚባል ትእዛዝ ነው፣ ሦስቱንም ትውልድ ባንዴ ያመጣል። አንድ መስመር።

እሷን ልጽፍ ስል ዓይኔ ኦን ዲሊት ላይ አረፈ። ከጃንጎ 2.0 ወዲህ ፎሬይን ኪይ (አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚያያይዝ ዓምድ) ስትጽፍ ይህን ሳትመልስ አታልፍም፦ አባት ቢሰረዝ ልጁ ምን ይሁን? በችኮላ ካስኬድ ብዬ ኖሯል። አባት ሲሰረዝ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹም አብረው ድምጥማጣቸው ይጠፋል። በእድር መዝገብ ላይ!

ፕሮቴክት ደግሞ ልጅ ያለው አባት አይነካም ይላል። (ምነው በሆነ።) ሰት ነል የአባትን ቦታ ባዶ ያደርገዋል፤ ይሄኛው ነው የከነከነኝ። አባዬ ከሄደ ስድስት ዓመቱ፤ ቢሮ በገባሁ ቁጥር ግን «የአባት ስም?» እባላለሁ። እኔን ሲጠሩ እሱንም ይጠሩታል። ጸሐፊያችንም በድሮው ደብተር የሞተን ሰው አይሰርዙም፣ ከጎኑ ቀኑን ይጽፋሉ እንጂ። እኔም የቀን ዓምድ ጨምሬ ፕሮቴክት አልኩት።

ከዚያ ከአባት ወደ ልጆች ለሚመልሰው መንገድ ስም ማውጣት ነበረብኝ። ሪሌትድ ኔም፦ «ልጆች»። ግማሽ ሰዓት አፈጠጥኩበት። ለካ በአባትየው ረድፍ ላይ ስለ ልጆቹ አንዲት ነገር አልተጻፈም፤ የአባታቸው መለያ ቁጥር ያለው እነሱ ጋ ነው። ልጆቹን ለማግኘት ከሰው ሁሉ መካከል የእሱን ቁጥር የያዙት ረድፎች ይፈለጋሉ፣ አባትህ ማነው እንደ ማለት።

አባዬን እንዲህ ብጠይቀው ስንት ያመጣ ነበር? እኛ የምናውቀው አራት ነን። ለቅሶው ላይ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ያለቀሰውን፣ እማዬ «የሩቅ ዘመድ ነው» ያለችውን ልጅ አሁን ምን አስታወሰኝ?

ገጹ እንደሆነ አሁንም 401 ነው።