በ34 ፈረስ ጉልበት ወደ ጣርማበር

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር በአዲስ መኪና ብዙም የማይቆጠር መንገድ ነው፤ እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ወሰደብን። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራችው ቮልሴ 34 ፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት በመሆኗ፣ ከሰንዳፋ በኋላ መንገዱ ከፍ ማለት ሲጀምር ሦስተኛ ማርሽ ላይ አድርጎ ሌላውን ተሽከርካሪ በትዕግሥት ማሳለፍ ይሻላል። አብረውኝ የተጓዙት ዕድሜያቸውን በቮልስ ሞተር ላይ ያሳለፉ ጎረቤቴ ናቸው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ሸኖ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን የቻርጅ ቀይ መብራት በራ። በሌላ መኪና ቢሆን ባትሪው እየተሞላ አለመሆኑን ከማሳወቅ አልፎ ብዙም አያስደነግጥም። በቮልስ ግን ዲናሞውንም፣ በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ የተገጠመውን ማራገቢያም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ራዲያተርም ውሃም ስለሌለው ማራገቢያው ከቆመ የሚያቀዘቅዘው ነገር አይኖርም።

«ልጄ፣ ይህች መብራት ስትበራ እስከ ከተማው ልድረስ አትበል» አሉኝ ጋሼ። «ከቆምክ ቺንጋ ትገዛለህ፤ ካልቆምክ ሞተር ትገዛለህ።»

የኋላውን ኮፈን ስንከፍት ቺንጋው ተበጥሶ ወድቋል። ጋሼ በዲናሞው ፑሌጃ (ቺንጋው በሚጠመጠምበት መዘውር) ጠርዝ ላይ ባለችው ክፍተት ካቻቪቴ ሰክተው እንዳይዞር ከያዙልኝ በኋላ ዳዶውን በ21 ቁጥር ቁልፍ ፈታሁት። ፑሌጃው ለሁለት የሚከፈል ሲሆን፣ በመካከሉ የተደረደሩት ስስ ሮንዴላዎች ሲቀነሱ ቺንጋው ይጠብቃል፣ ሲጨመሩ ይላላል። የተቀነሰው ሮንዴላ ነገ ስለሚያስፈልግ አይጣልም፤ ከዳዶው ሥር በውጭ በኩል ይቀመጣል። አዲሱን ቺንጋ አስገብተን በአውራ ጣት ስንጫነው 15 ሚሊ ሜትር ያህል ረገበ፤ ልኩም ይኸው ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ መሣሪያዎች ሌላ ምንም አላስፈለገንም። ይህችን መኪና እንድወዳት ከሚያደርጉኝ ነገሮች ዋናው፣ ከቅርጿም ከድምፅዋም ይልቅ፣ ይህ በመንገድ ዳር መጠገን መቻሏ ነው።

ኮፈኑ ተከፍቶ ሳለ ጋሼ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን የጎማ መዝጊያ በጣታቸው እየተከተሉ መረመሩ። ብዙ ሰው ይህ ጎማ ሲበላ «አየር ይግባበት» ብሎ እንዲሁ ይተወዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን በቮልስ ላይ ከሚፈጸሙ በደሎች ይህን የሚያህል የለም። ጎማው የተቀመጠው ከሲሊንደሮቹና ከማርሚታው የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ ነው። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በነፋሱ መንገድ ላይ ስለቆመ ሦስተኛው ሲሊንደር ድሮም ቢሆን የሚደርሰው የሞቀ አየር ነው፤ የሞቀውን ደግሞ ደግመን ካጠጣነው መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

ከሸኖ ለጋ ቅቤ ገዝተን (ሻንጣው ከፊት በመሆኑ የሞተሩ ሙቀት አይደርስበትም) ደብረ ብርሃን አደርን። የከተማዋ ብርድ ለእንቅልፍ ባይመችም ለሥራችን ተስማማን፤ የቫልቮላ (የሲሊንደሮቹን የአየርና የጭስ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው) ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነውና። በማለዳ ስምንቱንም አንድ በአንድ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከልናቸው። ጋሼ ጥቂት የሚንኳኳ ቫልቮላ ከጸጥተኛው ይሻላል ይላሉ፤ ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቮላው በደንብ ሳይዘጋ እየተቃጠለ ይሄዳል፣ ይህም ሲሆን ምንም ድምፅ አይሰማም።

ጣርማበር ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ነዳጁን እንደ ወትሮው ስለሚያቀብል ካንዴላው ይጠቁራል፣ ከኋላም ጥቁር ጭስ ይወጣል። ይህን አስበን ከመነሻችን በፊት የነዳጅ መመጠኛዋን ቀዳዳ በጠባብ ለውጠን ስለነበር ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ሳትንገጫገጭ ወጣችው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆፈረው ዋሻ ስናልፍ ግን የ6 ቮልት መብራቷ ጉሙን ሊበሳ አልቻለም፤ ከፊታችን የሚሄደውን የጭነት መኪና የኋላ መብራት መከተል ግድ ሆነብን።

ከዋሻው ወዲያ ያለው ቁልቁለት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቮልስ የኋላ ጎማዎች በሚወዛወዝ አክስል ላይ የተገጠሙ ስለሆኑ፣ ጠመዝማዛ መሐል ላይ እግርን ከነዳጅ በድንገት ማንሳት ኋላዋን ሊያሾልከው ይችላል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ የሚቀነሰው ከመታጠፊያው በፊት ነው። አራቱም ጎማዎች የታምቡር ፍሬን ብቻ ስላላቸውም ሸራው እንዳይግል ክብደቷን በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው አደረግን። ደብረ ሲና ቆመን ቆሎ እየቆረጠምን ጎማዎቹን ስንዳስስ የቀኝ የፊቱ ከሌሎቹ ይልቅ ሞቆ ተገኘ፤ ጋሼ በካቻቪቴ የሸራውን ማስተካከያ ሁለት ጥርስ አላሉትና ለመልሱ ጉዞ ተነሣን።