ከጣርማበር ቁልቁል የመኪና መብራት ለምን ውሃ ይቋጥራል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች። በመካከላቸው ባለው የጣርማበር ቁልቁለት የሚመላለስ መኪና መብራቱ ውስጥ ውሃ ሲታይ ብዙ ሰው «መስታወቱ ለቋል» ብሎ ሲልከን ይገዛና ዙሪያውን፣ ከኋላ ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ጭምር ይደፍናል። ከጥቂት ዝናብ በኋላ ውሃው እዚያው ነው፤ አንዳንዴም ይብሳል። እነዚያ ቀዳዳዎች መብራቱ የሚተነፍስባቸው ናቸውና።

መብራት ሲበራ ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ይሰፋና ይወጣል፤ ሲጠፋ ይቀዘቅዝና ከውጭ ይስባል። ለዚህ ተብሎ ከኋላው መተንፈሻ ይሠራለታል፦ ወደ ታች የታጠፈች የጎማ ቱቦ፣ ስፖንጅ የተወተፈባት ቀዳዳ፣ አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ አየር አሳልፋ ውሃ የምትከለክል ስስ ክብ ሽፋን። በእኛ መንገድ ላይ ከፍታውም ይጨመርበታል። ከደብረ ብርሃን ሮቢት ሲወረድ የአየር ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚጨምር፣ መብራቱ እስኪስተካከል ድረስ ቁልቁለቱን ሁሉ እየሳበ ይወርዳል። መተንፈሻው ክፍት ከሆነ የሚስበው አየር ነው። በጭቃ ከተደፈነ ግን መስታወቱን በያዘው ያረጀ ማስቲሽ ወይም በላላው ጎማ በኩል ይስባል፤ እዚያ ላይ የጣርማበር ዝናብ ካረፈ ውሃውን ይጠጣዋል።

ጤዛና የገባ ውሃ አንድ አይደሉም። የአንድ የፊት መብራት ሆድ 5 ሊትር አየር ይይዛል እንበል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው እንፋሎት 17 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ በ5 ሊትሩ ውስጥ ያለው 0.1 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ሁለት ጠብታ ቢሆን ነው። ሮቢት ላይ የተሳበው ሞቃት አየር ማታ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ሲያድር መስታወቱን ስስ ጉም ያለብሰዋል እንጂ አያንጠባጥብም። መብራቱ በርቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲነዳ ይለቃል፤ አትነካኩት። ኤልኢዲ ሆነው የተሠሩ መብራቶች ሙቀታቸውን ወደ ኋላ ስለሚጥሉ ጤዛቸው ቢዘገይም አያስደነግጥ። ከታች የሻይ ማንኪያ የሚሞላ ውሃ ከተኛ፣ ወይም ጠብታው መስመር ሠርቶ ከወረደ ግን ትንፋሽ አይደለም፤ መግቢያ አለው።

መግቢያውን ከመስታወቱ በፊት ከኋላ ፈልጉ። ሃሎጅን አምፖሉን አውጥቶ ማራገቢያ ያለው ኤልኢዲ የሚያስገባ ሰው የኋላው ክዳን አልገጥም ሲለው ይቆርጠዋል፣ ወይም ጭራሽ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ከጎማው የሚረጨው ሁሉ ቀጥታ መንገድ አገኘ። ኤች ፎር አምፖል ያላቸው አሮጌ ኮሮላዎችና ሃይሉክሶች ላይ ጥቁር የጎማ ኮፍያ አለ፤ ከንፈሩ ከደረቀ ወይም ከተቀደደ ለውጡት፤ «ቶፕ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ጽሑፉ ወደ ላይ ይሁን። መተንፈሻዎቹንም እዩ። የመንዝ ጭቃ፣ አንዳንዴም የሸረሪት ድር ይዘጋቸዋል። ጎማዎቹን ነቅሎ ማጠብና ማድረቅ ይበቃል።

ከኋላ ችግር ከሌለ መብራቱን ፍቱ። ብዙ መኪና ላይ አንዱ ብሎን ከፓራውልቱ (ከግጭት መከላከያው) ስር ስለሚውል ፓራውልቱን ማላላት ይጠይቃል። አምፖሉና ክዳኑ በቦታቸው እንዳሉ መተንፈሻዎቹን ከአንዷ በቀር በፕላስተር ዝጉ፣ በተረፈችው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስገቡ፣ የመስታወቱን ዙሪያ በብሩሽ ሳሙና ውሃ ቀቡና በአፍ ቀስ ብላችሁ ንፉ። አረፋ የሠራበት ቦታ ነው የሚያፈሰው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለዚህ አይሆንም፤ ደህናውንም ማስቲሽ ያስለቅቀዋል።

ሳይደርቅ ማሸግ ውሃውን ውስጥ መቆለፍ ነው። አምፖሉን አውጥታችሁ፣ ቀዳዳው ወደ ታች እንዲሆን ዘቅዝቃችሁ አፍስሱ፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አውሉት። የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ ጥሩ ይሠራል። በፀጉር ማድረቂያ ከሆነ በዝቅተኛው ሙቀት፣ እጅ ሊችለው በሚችል ርቀት። ውስጥ ያለውን የሚያብለጨልጭ አንጸባራቂ በጨርቅ አትጥረጉ፤ ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ስለሆነ አብሮ ይነሳል። ቤንዚንና ቲነርም አታስጠጉ፤ «መስታወት» የምንለው ፕላስቲክ ነውና ይሰነጣጥቃል። ከጫማ ካርቶን የሚወጣው የሲሊካ ከረጢት ከራሱ ክብደት ሲሶ ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ባለ 2 ግራሙ አንድ ግራም ውሃ እንኳ አይጨርስም፤ ለጤዛ ይረዳ ይሆናል፣ ለሚያፈስ መብራት ማታለያ ነው።

አረፋ የታየበትን ቦታ፣ በግራና በቀኝ 3 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ አሮጌውን ማስቲሽ ፋቁ፣ በንጹሕ አልኮል አጽዱ፣ ሲደርቅ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲልከን አስምሩ። ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተውን ሲልከን አትግዙ፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ አንጸባራቂውን ይበላዋል። የማይሸተው፣ ካርቶኑ ላይ ኒውትራል የሚለው ነው የሚሆነው። ለመድረቅ 24 ሰዓት ይበቃዋል ቢባልም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደጅ አይደርቅም፤ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ይደር። መስታወቱን በምድጃ አሙቆ ነቅሎ እንደገና መለጠፍ የሚሠራው ማስቲሹ በሙቀት የሚለሰልስ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው፤ የሚደርቀው ዓይነት ከሆነ መስታወቱ ይሰበራል።

የኋላ መብራት ላይ ችግሩ ባብዛኛው ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የስፖንጅ ጓርኒሲዮን (ውሃ የሚከለክለው ንጣፍ) ነው። ዳዶውን ከመጠን በላይ ማጥበቅ ስፖንጁን ጨፍልቆ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው ደብዝዞ አብሮ ከበራ ሶኬቱ አረንጓዴ ዝገት ይዟል ወይም ወደ ቦዲ የሚሄደው ነጌቲቭ ላልቷል፤ ሁለቱንም አጽዱ። ከታች በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ የማውጣት ዘዴ ለአሮጌ የኋላ መብራት ይሁን ቢባል፣ ለፊት መብራት አልስማማም፤ የጠጠር መንገድ አቧራ በዚያው ገብቶ አንጸባራቂውን ያጨልመዋል።

ላቫጆ ስትገቡ መብራቱ ከጠፋ 15 ደቂቃ ያህል ይሁነው፤ የጋለ መብራት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭ አየሩ በድንገት ተኮማትሮ ውሃውን ይስባል። የውሃው ግፊትም በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ አይነጣጠር።

አንጸባራቂው ከጠቆረ ወይም ከተላጠ ማድረቁ ትርፍ የለውም፤ መብራቱ ይለወጥ። ሲገዛ ከሱቁ ሳትወጡ ዘቅዝቃችሁ እዩት፤ የመተንፈሻ ጎማዎቹና የኋላ ክዳኑ ከሌሉ ከአሮጌው ፈትታችሁ ወደ አዲሱ አዙሯቸው።