«ለዕይታ ሲበቃ»

ይህን የምጽፈው ገና ወደ ትወና ለምትገቢው ለአንቺ ነው። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ አላቃጥልም ነበር።

አጀማመሬ ብዙ ወሬ የለውም። በቀበሌ የቴአትር ክበብ ጀመርኩ። ከዚያ ሀገር ፍቅር መድረክ ላይ ትንንሽ ሚና ተጫወትኩ። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር ጓደኞቼ የውጭ ድራማ ወደ አማርኛ ወደሚመለስበት የድምፅ ሥራ ገቡ። የእኔ ምኞት ግን ካሜራ ፊት መቆም ነበር። ለአንድ ፊልም ኦዲሽን ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ መሪዋን ገጸ ባሕርይ ሰጡኝ።

ውሉ 2 ገጽ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ጋብዞኝ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» እያለ አቀበለኝ። የገንዘቡን መጠን አየሁና ፈረምኩ። ሲሶው ቅድሚያ ይከፈላል። የቀረው «ፊልሙ ለዕይታ ሲበቃ» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ቀረጻው እስኪያልቅ መልኬን እንዳልቀይር፣ ሌላ ሥራም እንዳልይዝ ተጽፏል። ቀረጻው 21 ቀን ነው ስለተባልኩ ምንም አልመሰለኝም።

በ12ኛው ቀን ገንዘብ አለቀና ቀረጻው ቆመ። ሳምንት ያሉት 9 ወር ሆነ። የመጣልኝን ሁለት ሥራ መለስኩ። የቤት ኪራዬን እህቴ ከፈለችልኝ። ሹሩባ እንኳ መሠራት አልችልም፤ ኮንቲኒዩቲ ይበላሻል፤ ማለትም መልኬ ቀድሞ ከተቀረጸው ጋር አይገጥምም።

ያሳደገችኝ አክስቴ ያረፈችው በዚህ መሃል ነው። በሣልስቷ ድንኳን ውስጥ ጥቁር ለብሼ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጠራ። ፕሮዲዩሰሩ ነው። «ነፍስ ይማር» አለና ትንፋሽ ሳይወስድ «ጸጉርሽን አልተቆረጥሽም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልተቆረጥኩም» አልኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ መልሴ ነው።

ፊልሙ እንደምንም አለቀ። ሲኒማ ቤት ሳይገባ ዩቲዩብ ላይ ተጫነ። ቀሪዬን ስጠይቅ «ዕይታ ማለት ሲኒማ ቤት ነው» አለኝ። ውሉ ሲኒማ ቤትም አይል፣ ዩቲዩብም አይል።

አቤት ልል አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ቀን ስብሰባ ናቸው፣ አንድ ቀን ሲስተም የለም። በሦስተኛው ባለሙያው ውሉን አነበበና በእስክሪብቶው ጫፍ ያቺን መስመር እየነካካ «እህቴ፣ መቼ ነው የሚበቃው? ቀን የለውም እኮ» አለኝ። ከዚያ «በሽምግልና ጨርሱት» ብሎ ሸኘኝ። ልክ ነበር። ልክነቱ ነው ያናደደኝ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አወቁኝ። ፊልሙን ሦስት ጊዜ እንዳዩት ነገሩኝ፤ የታክሲዬንም ሒሳብ ከፈሉልኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ሽምግልና ይሻላል ይሉሻል። እኔ አልመክርም። የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ የእሱ ወዳጆች ነበሩ፤ የቀሪዬን ግማሽ «ለሰላም» ብዬ ተውኩ። ማኅበር ግቢ፣ ውልሽን አስመዝግቢም ይላሉ። አይከፋም። ግን ቀን የሌለው ውል ማኅተም ቢመታበትም ቀን የለውም። የቅጂ መብት አዋጁም፣ ቁጥር 410/1996፣ ለከዋኞች፣ እንደ እኛ ላሉ ተዋንያን ማለት ነው፣ መብት እንደሚሰጥ ያወቅሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው። ብታነቢው ደስ ይለኛል፤ ከእሱ በፊት ግን የራስሽን 2 ገጽ አንብቢ። ቤትሽ ወስደሽ፣ ማታ፣ ለብቻሽ። «አሁኑኑ ካልፈረምሽ» የሚልሽን ሰው ተይው። እኔ ከዚያ ወዲህ በዚህ ምክንያት ሁለት ሥራ አምልጦኛል፤ አልጸጸትም።

ባለፈው ወር አዲስ ውል መጣልኝ። «ለዕይታ ሲበቃ» የምትለዋ መስመር እዚያም ነበረች። አሰረዝኳት። ፕሮዲዩሰሩ ፊቱን አኮሳተረ፣ ሰዓቱን አየ፣ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብሎ በላይዋ ላይ በእጁ ጻፈ፤ መጋቢት 30።