ከቡናው ቆርቆሮ አጠገብ

ባለፈው እሑድ ማታ የሳምንቱን የቫይታሚን ኪኒን ሣጥን እንደ ልማዴ ልሞላ ስከፍተው፣ ስድስቱ ክፍሎች ባዶ ሆነው የዓርቡ ብቻ እንደ ሞላሁት ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ከሰባት አንዱ ቢዘነጋ ለብዙ ሰው ቁም ነገር ላይመስለው ይችላል፤ እኔ ግን መዘንጋት የት እንደሚያደርስ ስላየሁ፣ ዓርብ ጧት ምን ሆኜ እንደ ነበር ለማስታወስ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የጨጓራ ባይፓስ ቀዶ ጥገና ካደረግኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ያሉ የአገሬ ልጆች ሲጠይቁኝ በአጭሩ «ጨጓራዬን አሳነስኩ» እላቸዋለሁ፤ ነገሩ ግን ከማሳነስ ያለፈ ነው። ሐኪሙ ከጨጓራዬ አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ፣ ከቡና ሲኒ የምታንስ ከረጢት ለይቶ፣ ትንሹን አንጀት ወረድ ካለ ቦታ ቆርጦ ከእርሷ ጋር ስለ ገጠመው፣ የምበላው ምግብ የጨጓራውን ትልቅ ክፍልና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘልሎ ያልፋል። አይረንና ካልሲየም በብዛት ወደ ደም የሚገቡት ደግሞ በዚያው በተዘለለው የአንጀት ክፍል ነው። ቫይታሚን ቢ12ም ቢሆን ከጨጓራ ከሚመነጭ አንድ ፕሮቲን ጋር ካልተጣመረ አንጀት በደንብ አይቀበለውም። ስለዚህ ቫይታሚኑ እስኪሻለኝ ድረስ የምወስደው መድኃኒት ሳይሆን ዕድሜ ልኬን የምወስደው ነው፤ ይህንንም ከቀዶ ጥገናው በፊት ነግረውኝ፣ ገብቶኛል ብዬ ፈርሜያለሁ።

የመጀመሪያውን ዓመት አንድም ቀን አላጓደልኩም። በሁለተኛው ዓመት 38 ኪሎ ቀንሼ፣ ልብሴ ሁሉ ሰፍቶኝ፣ ሰርግ ቤት ያገኘኝ ሁሉ «ምን ተገኝቶ ነው እንዲህ ያማረብሽ?» እያለ ሲያሞግሰኝ፣ ጤነኛ ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል የሚል ሐሳብ ሳላውቀው ገባብኝ። መጀመሪያ እንደ ጠመኔ አፍ ላይ የሚቀረውን ካልሲየም ተውኩ፤ ቀጥሎ ሆድ የሚያደርቀውን አይረን፤ በመጨረሻም ሁሉንም። ክፋቱ፣ ጉድለቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ ያህል ስለሚያከማች ሰው የቆጠበውን እየበላ መሆኑን አያውቅም። (ሁሉም እንዲህ ታጋሽ አይደለም። ቫይታሚን ቢ1 በሰውነት ውስጥ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይቆይምና፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ማስመለስ የበዛበት ሰው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ወደ ሐኪሙ መሄድ አለበት፤ አእምሮንና ነርቭን የሚጎዳ ነገር ነው።)

ከወራት በኋላ በረዶ መቆርጠም ጀመርኩ። ሌሊት ተነሥቼ ከማቀዝቀዣው የበረዶ ማስቀመጫውን አውጥቼ፣ ጨለማ ውስጥ ቆሜ አንድ በአንድ እቆረጥማለሁ፤ ባለቤቴም «አይጥ የገባ መስሎኝ ነበር» ብሎ ሲስቅ አብሬው እስቃለሁ። ጠጉሬ በማበጠሪያ ሙሉ ሲወጣና የቢሮዬ ደረጃ እንደ እንጦጦ ዳገት ሲሆንብኝ ነው ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ሐኪሟ ገና ከመቀመጤ «በረዶ ያምርሻል?» ብላ ስትጠይቀኝ ቤቴ ገብታ ያየችኝ ያህል ደነገጥኩ፤ ለካ የአይረን ጉድለት የታወቀ ምልክት ኖሯል። የተከማቸ አይረንን የሚለካው ፌሪቲን 6 ላይ ወርዶ ነበር። ከዚያ በኋላ አይረኑን በክንዴ ደም ሥር አስገቡልኝ።

ኪኒን መርሳት የማስታወስ ችግር ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን የቀኑ አሰላለፍ ችግር ነው እላለሁ። ካልሲየም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ያስፈልገኛል፤ አንጀት ግን በአንድ ጊዜ ከ500 ወይም ከ600 በላይ በደንብ ስለማይቀበል ሦስት ቦታ መከፈል አለበት። አይረኑ ከካልሲየሙ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መራቅ አለበት፤ ከቡናና ከሻይም ቢሆን መራቅ አለበት። የሐበሻ ቤት ውስጥ ከቡና የራቀ ሰዓት ፈልጋችሁ አግኙ እስቲ! በስልኬ አላርም ብሞላ፣ መኪና እየነዳሁ ወይም ስብሰባ ላይ ሆኜ ይጮሃል፤ ጣቴ ያጠፋዋል፤ እኔም የወሰድኩ ያህል ተረጋግቼ እቀጥላለሁ።

ስለዚህ ኪኒኖቹን ከሰዓት ለይቼ፣ ሳላደርጋቸው ከማልውል ነገሮች ጋር አሰርኳቸው። አንዱ ካልሲየም ከምሳ ዕቃዬ ጋር፣ ሁለተኛው ከእራት፣ ሦስተኛው ከጥርስ ብሩሼ አጠገብ ነው። አይረን፣ መልቲቫይታሚንና ቢ12 ያሉበት የሳምንቱ ሣጥን ግን ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከቡናው ቆርቆሮ አጠገብ ተቀመጠ። መደርደሪያው ከፍ ያለው ሆን ተብሎ ነው፤ አይረን ብዙ ከተዋጠ ለሕፃን መርዝ ነውና። ጧት ቡናውን ለማውጣት እጄን ስሰድ ቀድሞ የሚነካኝ ሣጥኑ ነው፤ ኪኒኑን ከብርቱካን ጋር ወስጄ፣ ቡናውን ከአንድ ሰዓት በኋላ እጠጣለሁ። ያቺ አንድ ሰዓት ቀላል አይደለችም።

የተዘነጋው ቀን ዓርብ መሆኑን ሳይ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጾሙን ነበር። ነገር ግን የነፍስ አባቴ ሰዓት እንዳልቆጥር ፈቅደውልኛል፤ ስለ ቫይታሚኑም ስጠይቃቸው «መድኃኒት ነው፤ ውሰጂ» ብለውኛል። እኔው ራሴ የከበደኝ ብዙዎቹ ካፕሱሎችና እንደ ከረሜላ የሚታኘኩት ለስላሶቹ ቫይታሚኖች ከእንስሳ በሚገኝ ጄላቲን መሠራታቸው ነበርና፣ በሚታኘክ ደረቅ ኪኒን ለወጥኳቸው። ለስላሶቹ አብዛኛውን ጊዜ አይረን ስለሌላቸው አልቀረብኝም። ሽሮና ምስር ቢ12 የላቸውምና በጾም ወራት እንዲያውም የበለጠ ያስፈልገኛል። እናቴ ግን እስከ ዛሬ በስልክ «ጤፍ እየበላሽ ምን ደም ማነስ አለብሽ፣ ልጄ?» ትለኛለች። በጤፍ ላይ ከሚለካው አይረን ብዙው ከአውድማው አፈር የመጣ መሆኑን፣ የቀረውንም በእህሉ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር በደንብ አላሳልፍ እንደሚል ላስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ጤፍን የሰደብኩባት መስሏት ተቀየመችኝ።

ጾሙ ካልሆነ ምን ይሆን ብዬ ሣጥኑን ልመልስ ተነሣሁና መደርደሪያውን ከፈትኩ። ቆርቆሮው ላይ አዲስ የተቆላ ቡና አለ፤ ባለቤቴ ቅዳሜ ነበር የገዛው። ዓርብ ጧት ቡና አልቆብን ነበር።